ልጄ አፉን አልፈታም፤ ቤት ውስጥ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው አዳማ ነው። ልጄ 2 ዓመት ከ6 ወር ሆኖታል፤ የሚናገራቸው ቃላት ግን ከ10 አይበልጡም፣ ሁለት ቃል አያይዞም አያውቅም። በዚህ ዕድሜ ብዙ ልጆች «እማዬ ነይ»፣ «ውሃ ስጪኝ» እንደሚሉ ስለማውቅ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

የምንለውን ይረዳል። «ጫማህን ከአልጋው ሥር አምጣ» ስለው ሮጦ ያመጣል። ውሃ ሲጠማው ግን ቀሚሴን ጎትቶ ወደ ጀሪካኑ ይወስደኝና በጣቱ ያሳየኛል። ፊት ለፊቱ ተንበርክኬ «ውሃ» ስለው ከንፈሬን ትክ ብሎ ያያል፣ የራሱንም ያሞጠሙጣል፤ ድምፅ ግን አይወጣም። ጎረቤቴ ቃሉን እስኪናገር ኩባያውን ከልክዪው ትለኛለች። የተጠማ ልጅ ማስለቀስ አንጀቴ አይችልም፤ የሚያስተምረውም አይመስለኝም።

ሌላው ጭቅጭቅ የቋንቋው ነው። እኔ በአማርኛ፣ አባቱ በአፋን ኦሮሞ ነው የምናናግረው። ዘመዶች አንዱን ተዉለት ይሉናል። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየት እንደማያመጣ ባለሙያዎች ይናገራሉ፤ ከአያቱ ጋር የሚግባባበትን ቋንቋ ልነጥቀውም አልፈልግም።

ጤና ጣቢያ «ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ ጠብቂ» ተብዬ ተመለስኩ። የመስማት ችሎታው እንኳ አልታየም።

እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ያሳደጋችሁ ወላጆችና በሙያው ያላችሁ፦ በጣቱ ሲያሳየኝ ቃሉን ተናግሬ ወዲያው ልስጠው ወይስ ጥቂት ልጠብቀው? ምግብ ሲበላና ገላውን ሲታጠብ ምን ዓይነት ጨዋታ ረዳችሁ? ምርመራ ላይ ጆሮውን ማስነካት ስለማይወድ እንዴት ላለማምደው? አዳማ ወይም አዲስ አበባ ሕፃናትን የሚያይ የንግግር ባለሙያ የምታውቁም ጠቁሙኝ።