ቆራሌው ሳይጠይቅ ይዞ እየሄደ ተቸግሬያለሁ

አራት ኪሎ አካባቢ ነው የምንኖረው። ጣሪያ እያስቀየርን ስለሆነ ግቢው በአሸዋና በጠጠር ተሞልቷል። ስለዚህ ቆርቆሮና ብረቱን መኪና መግቢያው ላይ፣ ከበሩ ውጭ እናስቀምጣለን።

ዝገት የበላው ቆርቆሮ ይሂድ፣ ግድ የለኝም። ችግሩ ደህናውም አብሮ መሄዱ ነው። ጆሮው ተነቅሎ ብየዳ ቤት ልወስደው ያወጣሁት የእናቴ ከሰል ማንደጃ ሳይቀር ተወሰደ።

አብዛኞቹ ቆራሌዎች «ቆራሌው!» ብለው ይጣራሉ፣ በዋጋ ይከራከራሉ፣ ከፍለው ይወስዳሉ። ለፍተው የሚያድሩ ሰዎች ስለሆኑ ሌባ ብዬ መጮህ አልፈልግም። አንዱን አስቁሜ ብጠይቀው «የተጣለ መስሎኝ ነው እኮ» አለኝ፣ ያውም በትህትና። ካርቶን ላይ «አይነካ» ብዬ ጽፌ ለጠፍኩ። ካርቶኑንም ወሰዱት! (እሱም ይሸጣል ለካ።) ምናለሽ ተራ ሄጄ ማንደጃውን ፈልጌ ነበር፤ አሮጌ ብረት እየተቀጠቀጠ አዲስ ማንደጃና አክንባሎ በሚሆንበት ቦታ የኔን ከየት ላግኘው?

ጥበቃ ለመቅጠር አቅሙ የለኝም። ቆራሌዎቹንም ማራቅ አልፈልግም፤ ሥራው ሲያልቅ የሚሸጥ ብረት አለኝ። ሰፈራችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ሰዎች፣ ሳይጠይቁ እንዳያነሱ ምን አድርጋችሁ ተግባባችሁ?