የነርሰሪ ክፍያ ደሞዜን ሊውጠው ነው፤ የመንግሥት እርዳታው እንዴት ነው? (ለንደን)

የፔክሃሟ፦
እናንተዬ፣ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። ልጄ ጁላይ ላይ 9 ወር ይሞላታል። ኬር ሆም ነው የምሠራው፤ ሴፕቴምበር ላይ ከወሊድ ፈቃድ እመለሳለሁ። ባለቤቴ መጋዘን ትቶ ኡበር ከጀመረ ገና አምስት ወሩ ነው። ሰፈራችን ያለውን ነርሰሪ ብጠይቅ በወር 1,600 ፓውንድ አሉኝ። ከደሞዜ ላይ ምን ሊተርፈኝ ነው? እናቴ በስልክ «ልጅሽን ይዘሽ ቤትሽ ተቀመጪ» ትለኛለች። የቤት ኪራዩን እሷ አትከፍል! 30 ሰዓት ነፃ አለ ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው?

እማ ሁለት፦
እውነት ነው እህቴ። እንግሊዝ ውስጥ ከሴፕቴምበር 2025 ወዲህ ከ9 ወር ጀምሮ በሳምንት 30 ሰዓት ይሰጣል። ግን ሁለታችሁም መሥራት አለባችሁ። እያንዳንዳችሁ ቢያንስ በዝቅተኛው የደሞዝ ተመን በሳምንት 16 ሰዓት የሠራ ሰው የሚያገኘውን ያህል ማግኘት አለባችሁ።

ዋናው ነገር ኮዱን እስከ ኦገስት 31 ማውጣትሽ ነው። በመንግሥት ድረ ገጽ አመልክተሽ ባለ 11 አሃዝ ቁጥር ይሰጡሻል፤ እሱን ለነርሰሪው ትሰጫለሽ። ወሊድ ፈቃድ ላይ ሆነሽም ይቻላል፤ እስከ ሴፕቴምበር 30 ሥራ ከተመለስሽ። ቀኑ ካለፈሽ ግን እስከ ጃንዋሪ ጠብቂ ነው የሚሉሽ። አንዷ ጓደኛዬ በሁለት ቀን አሳልፋው ያን ሁሉ ወር ከኪሷ ከፈለች። ኮዱ በየሦስት ወሩ ይታደሳል፤ ስልክሽ ላይ አላርም ሙዪ።

ደግሞ «ነፃ» ሲሉሽ አትዘናጊ። 30 ሰዓቱ በዓመት ለ38 ሳምንት ነው። ዓመቱን ሙሉ ይዳረስ ካልሽ በሳምንት ወደ 22 ሰዓት ይወርዳል። ከዚያ ቢሉ ላይ ምሳ፣ ዋይፕስ፣ ዳይፐር እያሉ ይደረድሩልሻል። የኛዎቹ እንዲያውም የጸሐይ ክሬም ጽፈውብኝ ነበር፤ በኖቬምበር፣ በዚህ በለንደን ሰማይ! እነዚህ ክፍያዎች በፈቃድ እንጂ ግዴታ አይደሉም። ዝርዝሩን በጽሑፍ ጠይቂ፤ ካስገደዱሽ ለካውንስሉ (ለአካባቢሽ አስተዳደር) አመልክቺ። እኔ ዳይፐሩን ከቤት መላክ ጀመርኩ፣ ቢሉ ቀነሰ።

ለቀረው ክፍያ «ታክስ ፍሪ ቻይልድኬር» የሚባል አካውንት አለ። 8 ፓውንድ ስታስገቢ መንግሥት 2 ይጨምርበታል፤ በሦስት ወር እስከ 500 ፓውንድ ድረስ። ዩኒቨርሳል ክሬዲት (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው መንግሥት የሚሰጠው ድጎማ) የምታገኙ ከሆነ ግን እንዳትነኪው፣ ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ዩኒቨርሳል ክሬዲት ራሱ ከወጪው እስከ 85 በመቶ ይመልሳል፤ ጣሪያ አለው፣ ደግሞ መጀመሪያ ከፍለሽ ነው ደረሰኝ የምታስገቢው። የቱ እንደሚያዋጣችሁ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። 30 ሰዓቱ ከሁለቱም ጋር ይሄዳል።

ሹፌሩ፦
ስለ ባለቤትሽ አትጨነቂ። የራሱን ሥራ ከጀመረ ዓመት ስላልሞላው ያ ዝቅተኛ ገቢ እሱን አይመለከተውም። ብቻ ታክስ ቢሮ ተመዝግቦ ይገኝ። ዓመት ሲሞላውም በሦስት ወሩ ሥራ ቢቀዘቅዝበት የታክስ ዓመቱን አማካይ ማስላት ይቻላል። ጃንዋሪን እኛ ሹፌሮች እናውቀዋለን 😅

ከሊድስ፦
ወረቀታችሁንም እዩት። ከሁለት አንዳችሁ የመንግሥት እርዳታ የማግኘት መብት ሊኖራችሁ ይገባል። የሁለታችሁም መኖሪያ ፈቃድ ላይ የሚከለክል ነገር ካለ 30 ሰዓቱ አይሆንም። ልጅቷ 3 ዓመት ሲሞላት ግን ሥራም ወረቀትም ሳይታይ በሳምንት 15 ነፃ ሰዓት አይቀርባትም።

የፔክሃሟ፦
ኧረ ተባረኩ! አንድ የቀረኝ። ፎቃችን ላይ ያሉ አንዲት የሐበሻ እናት «እኔ እይዝልሻለሁ» ብለውኛል፤ የሌሊት ሺፍትም ስላለኝ ደስ ብሎኛል። ሰዓቱ እሳቸው ጋ ይሠራል?

እማ ሁለት፦
በቻይልድማይንደርነት (ቤታቸው ልጅ በክፍያ በሚይዙ ሰዎች መዝገብ) ካልተመዘገቡ አይሠራም፤ ከኪስሽ ነው የምትከፍያቸው። ቢመዘገቡም ነፃው ሰዓት በሐበሻ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 2 ብቻ ነው። ለሌሊቱ ከእሳቸው ጋር ተነጋገሪ፤ ወይ ባለቤትሽ ያን ቀን መኪናውን ያቁም።