ለሲክል ሴል ልጆቻችን ገንዘብ ሊሰጠን የሚፈልግ ሰው ተገኘ፤ ምን ብለን እንጠይቀው?

ጠያቂ፦ የሁለት ልጆች እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ሲክል ሴል (ቀይ የደም ሴሎች የማጭድ ቅርጽ የሚይዙበት፣ በዘር የሚተላለፍ የደም ሕመም) ያለባቸው ልጆች ወላጆች ሆነን ትንሽ ማኅበር አቋቁመናል። 60 የሚሆኑ ልጆች አሉን። አሁን አንድ ለጋሽ «የምትፈልጉትን በሁለት ገጽ ጻፉልኝ» ብሎናል። ኮሚቴው ግን አልተስማማም። ግማሹ «ቢያንስ አንድ ልጅ የጂን ሕክምና ያግኝና ይዳን» ይላል። ግማሹ «የአልትራሳውንድ ማሽን ይገዛ» ባይ ነው። እኔ ደግሞ ትንሹ ልጄ በቅርቡ ሃይድሮክሲዩሪያ የሚባለው በየቀኑ የሚወስደው የሲክል ሴል መድኃኒት አልቆበት ሦስት ሳምንት ስለቆየ ከዚያ ሌላ አይታየኝም። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ነርስ ነኝ፣ ሕፃናት ክፍል

እህቴ፣ ያንቺ ሐሳብ ነው ትክክሉ። የጂን ሕክምናን አልጠላሁም፤ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሒሳቡን እዪው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ሁለት ሕክምናዎችን ስትፈቅድ ካስጄቪ 2.2 ሚሊዮን፣ ሊፍጄንያ 3.1 ሚሊዮን ዶላር ተተመነላቸው። ይህ ለአንድ ሰው ነው። ሆስፒታል የሚተኛበትና ከሕክምናው በፊት የሚሰጠው የኬሞቴራፒ ወጪ ገና አልተቆጠረም። ሲፈቀድም 12 ዓመት ለሞላቸው ነበር።

ከዚያ ይልቅ ፔኒሲሊን። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ጥናት አለ፦ ትንንሾቹ ልጆች በቀን ሁለቴ ፔኒሲሊን ሲወስዱ ከባዱ የሳንባ ምች ባክቴሪያ ኢንፌክሽን በ84 በመቶ ቀነሰ። ገና ሲወለዱ ተረከዛቸውን ወግቶ መመርመርም የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ቶሎ ካልታወቀ ፔኒሲሊኑ ቶሎ አይጀመርም።

ሌላው ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። እናቶችን ጣፊያ መዳሰስ አስተምራለሁ። ልጁን በጀርባው ማስተኛት፣ ጣቶችን ከግራ ጎድን በታች ማስቀመጥ፣ ቀስ አድርጎ ወደ ላይ መፈለግ። ድንገት አብጦ ከተገኘና ልጁ ከገረጣ፣ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። ትኩሳቱ 38.5 ከደረሰም እንደዚያው፤ «እስኪነጋ እንየው» አይባልም።

መልስ፦ ፋርማሲስቱ

ስለ ሃይድሮክሲዩሪያ ልጨምር። ድሮ «ወባ ባለበት አገር ለልጆች ያሰጋል» ይባል ነበር። በአንጎላ፣ በኮንጎ ዲሞክራቲክ ሪፐብሊክ፣ በኬንያና በኡጋንዳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ጥናት ግን ሕመሙም፣ ወባውም፣ ደም መውሰዱም፣ ሞቱም እንደቀነሰ አሳየ።

በጀቱን በግምት አትጻፉ። የእያንዳንዱን ልጅ ክብደት ያዙ። መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ለሒሳብ ያህል በኪሎ 20 ሚሊግራም እንበል። 20 ኪሎ ልጅ በቀን 400፣ በዓመት 146 ግራም ይፈልጋል። የደም ቆጠራ ምርመራውንም ጨምሩ፤ ያለ እሱ መድኃኒቱ አይሰጥም።

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ደግሞ አለ። በብዛት የሚገኘው የ500 ሚሊግራም እንክብል ነው። 15 ኪሎ ልጅ 300 ነው የሚፈልገው። ስለዚህ እናት እንክብሉን ከፍታ፣ በውኃ በጥብጣ፣ ግማሹን በግምት ትሰጣለች። ዱቄቱ ደግሞ በባዶ እጅ የሚነካ አይደለም፣ በተለይ ለነፍሰ ጡር። ባለ 100 ሚሊግራም ኪኒን ጠይቁ። የሦስት ወር መጠባበቂያም አስገቡ፤ ያቺ ሦስት ሳምንት የመጣችው እሱ ስለሌለ ነው።

መልስ፦ የአልትራሳውንድ ባለሙያ

እኔ እንኳ ማሽኑ ይገዛ ብል ያምርብኝ ነበር። ምርመራው ወሳኝ ነው። ከ2 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆች በአንጎላቸው ሥሮች ደሙ የሚሮጥበት ፍጥነት ይለካል። በሰከንድ 200 ሴንቲሜትር ከደረሰ ስትሮክ ያሰጋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመው ጥናት እንዲህ ላሉት ልጆች በየጊዜው ደም መስጠት ስትሮክን ከ90 በመቶ በላይ ቀንሷል።

ግን ለካን እንበል፤ 210 ወጣ። ከዚያስ? ደም በየወሩ ይገኛል? ደሙ ሲደጋገም የሚከማቸውን ብረት የሚያስወጣው መድኃኒትስ? እሱ ካልታሰበ እናትየዋን አስደንግጦ ወደ ቤት መላክ ነው። ማሽን አትግዙ። ማሽን ካለው ሆስፒታል ጋር ተስማሙና የአንድ ባለሙያ ሥልጠና ክፈሉ።

መልስ፦ እኔ ራሴ ታማሚ ነኝ፣ 34 ዓመቴ

ሁላችሁም ስለ ልጆች ብቻ ነው የምታወሩት። እኛም እኮ አለን። 18 ሲሞላህ የሕፃናት ክፍል ያሰናብትሃል፤ የሚቀበልህ ግን የለም። ባለፈው ሕመሙ ሲነሳብኝ ድንገተኛ ክፍል ሄድኩ። ተረኛው አየኝና «አንተ ደህና ነህ፣ ስልክ ትነካካለህ» አለ። ስልኩን የምነካካው ሕመሙን ለመርሳት ነው። አራት ሰዓት ሙሉ ቁጭ አልኩ። የእንግሊዝ መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ «በ30 ደቂቃ ውስጥ ማስታገሻ ይሰጥ» ይላል። ለዚህ ማሽን አያስፈልግም። የግማሽ ቀን ሥልጠናና ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ ወረቀት ይበቃል። በሁለቱ ገጽ ውስጥ አንድ አንቀጽ ስጡን።

መልስ፦ የፕሮጀክት ሒሳብ እሠራለሁ

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለጋሽ የሚወደው ሪባን የሚቆረጥበትን ነገር ነው። በየወሩ የሚዋጥ ኪኒን ፎቶ አይወጣለትም። ስለዚህ የሚቆጠር ነገር ስጡት፦ «አንድ ልጅ በዓመት ስንት ቀን ያለ መድኃኒት ይቆያል? ወደ ዜሮ እናወርደዋለን።» የአንድ ዓመት ሳይሆን የሦስት ዓመት ጠይቁ፤ በአራተኛው ማን እንደሚረከብም ጻፉ። ካልጻፋችሁ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

ስለ መዝገብም ላስታውስ። አሜሪካ ውስጥ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባል ሳንባን የሚጎዳ የዘር ሕመም ያለባቸው ከሲክል ሴል ሕሙማን በቁጥር በጣም ያንሳሉ። ግን ማኅበራቸው የእያንዳንዱን ታማሚ መረጃ ለዓመታት ሲመዘግብ ኖሯል፤ በመድኃኒት ምርምርም ገንዘብ አፈሰሰ። እ.ኤ.አ. በ2014 ከመድኃኒቶቹ ሽያጭ ድርሻ የማግኘት መብቱን በ3.3 ቢሊዮን ዶላር ሸጠ። እናንተ እዚያ ድረሱ አላልኩም። ደብተሩን ግን ዛሬ ጀምሩ።

ጠያቂዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ደብተር ይዤ መደወል ጀመርኩ። እስካሁን 20 ቤት ደርሻለሁ፤ 13ቱ ባለፈው ዓመት ቢያንስ አንዴ መድኃኒት አልቆባቸዋል። የመጀመሪያው መስመር እሱ ይሆናል። ወንድሜ፣ ያንተም አንቀጽ ገብቷል። አንድ ነገር ብቻ፦ የ100 ሚሊግራሙ ኪኒን አገር ውስጥ ከሌለስ?

ፋርማሲስቱ፦

መጀመሪያ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱን ጠይቁ። ካልተመዘገበ ለተወሰኑ ሕሙማን የሚሰጥ ልዩ የማስገቢያ ፈቃድ ካለ አጣሩ። ስትሄዱ የሐኪም ደብዳቤና የልጆቹን ክብደት ዝርዝር ያዙ።