አይፎን 4ኤስን ከአይኦኤስ 9.3.6 ወደ ኋላ መመለስ

ጥያቄ፦ 4ኤስ በ9.3.6 ይንቀረፈፋል፤ ኪቦርዱ እንኳ ከጣት ኋላ ነው የሚመጣው። ወደ 6.1.3 መመለስ ይቻላል? ኮምፒውተሩ ሊኑክስ ነው።

መልስ፦ ይቻላል። አፕል ለ4ኤስ 6.1.3ንና 8.4.1ን መፈረም (እንዲጫኑ ማጽደቅ) ስላላቆመ ቀድሞ የተቀመጠ ብሎብ (የአፕል ፊርማ ፋይል) አያስፈልግም። በፊኒክስ አፕ ጄልብሬክ አድርግ (የአፕልን ገደብ ክፈት)፣ ከሲዲያ (ከጄልብሬኩ ጋር ከሚመጣው የአፕ መደብር) ኦፕንኤስኤስኤች ጫን፤ ኮምፒውተሩ ስልኩን በኤስኤስኤች የሚያዘው በእሱ ነው። ስልኩን አጥፍተህ ካበራኸው ፊኒክስን ደግመህ አስነሳ፣ አለዚያ ኤስኤስኤች አይሠራም። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ በሚሠራው በሌጋሲ አይኦኤስ ኪት ወደ ኬዲኤፍዩ (ሪስቶር ወደሚቀበልበት ሁኔታ) አስገባው። ስክሪኑ ይጠቁራል፤ አልሞተም፣ ገመዱን አትንቀል። ከዚያ በኪቱ ሪስቶር አድርግ (የመረጥከውን ሥሪት ጫን)፤ ዳታው በሙሉ ይጠፋል።

መልስ፦ አስቀድመህ ፋይንድ ማይ አይፎንን አጥፋ። የአፕል አይዲው ፓስዎርድ ከሌለህ አክቲቬሽን (ስልኩ ሲጀምር የሚያልፍበት ማረጋገጫ) ላይ ትቀራለህ።

መልስ፦ ለፍጥነት 6.1.3። አፕ የሚያስፈልግህ ከሆነ ግን 8.4.1 ይሻላል፤ ዋትስአፕን በሁለቱም እርሳው። ሪስቶሩ መሃል ላይ ከቆመ መጀመሪያ ገመዱን ጠርጥር።