የተጠባባቂው ወንበር፦ በተራ ይሰጥ ወይስ በምርጫ?

የከዚራው አባት፦
ድሬዎችም ሐረሮችም እስቲ ተከራከሩልኝ። ልጄ ዘንድሮ አንድ የግል የሕክምና ኮሌጅ (ስሙ ይቅር) ተፈተነች፣ ቃለ መጠይቅም ገባች። መልሱ «ተጠባባቂ ነሽ» ሆነ። ስንተኛ ናት? አይነገርም። እስከ መቼ ትጠብቅ? «እንደውላለን»። ከፊቷ ስንት ሰው እንዳለ ብንጠይቅ «የውስጥ አሠራር ነው» ተባልን። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ለሁለት ተከፍሏል። አሜሪካ ያለው የእህቴ ልጅ እሱም የሕክምና ተጠባባቂ ስለሆነ «እኛ ጋ ደብዳቤ ይጻፋል፤ ‹ከጠራችሁኝ ሌላውን ትቼ እመጣለሁ› ብላ ትላክ» ይላል። ባለቤቴ ደግሞ «ደብዳቤ ምን ሊፈይድ፣ ይልቅ ሰው ፈልግ» ትላለች።

የእኔ አቋም ይኸውና። ዝርዝሩ ከነተራ ቁጥሩ፣ ከነመዝጊያ ቀኑ ይለጠፍ። አንዱ ሲለቅ ቀጣዩ ይጠራ። አለቀ። ዝርዝሩ መሳቢያ ውስጥ እስከተቆለፈ ድረስ ደብዳቤ የሚጽፈውና ሰው የሚፈልገው ያው ናቸው፤ አንዱ ብዕር አለው፣ ሌላው አጎት አለው።

የቀፊራዋ እናት፦
ወንድሜ፣ ባለቤትህ እውነቷን ነው። የእኔ ልጅ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው ያለው። የአንደኛ ዓመት ውጤቱ ከመግቢያ ፈተናው ጋር ተደምሮ ሕክምና ለጥቂት አመለጠውና ሁለተኛ ምርጫው ደረሰው። ብዙም ሳይቆይ ሕክምና ከደረሳቸው ውስጥ ሁለቱ ትተው ወጡ ተባለ። ቦታቸው ለማን ተሰጠ? ማን ይንገረን! ዝርዝር እኮ ተለጥፎ ነበር፤ የተለጠፈው ግን የገቡት ስም ነው። ከመስመሩ በታች የቀሩት ስም የላቸውም። ከዚህ በኋላ «ተራሽን ጠብቂ» የሚለኝ ሰው ልጅ የወለደ አይመስለኝም።

አቦ ከለገሃር፦
አቦ እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። በ2017 ግንቦት ሐኪሞቹ በደሞዝ ምክንያት ሥራ ያቆሙ ጊዜ ሁላችን «ምስኪን» ስንል ነበር። አሁን ለዚያው ደሞዝ ተሰልፋችሁ ትናከሳላችሁ!

እሺ፣ ቀልዱ ይቅር። ጋሼ፣ ተራው ቢለጠፍስ? «ሦስተኛዋ ተደውሎላት አላነሳችም፣ አራተኛው ሐሳቡን ቀይሯል» ተብሎ ሰባተኛው ሲገባ ምን ትላለህ? ስልክ መደወሉን ማን አየ? የግል ኮሌጅ ደግሞ ባዶ ወንበር ማለት ያልተከፈለ ክፍያ ነው። ዛሬውኑ የሚከፍል ካገኘ ተራ ቆጥሮ ሳምንት አይጠብቅልህም።

የከዚራው አባት፦
ጥሩ ብለሃል ልጄ። መልስ አለኝ። የተጠራበት ቀንና ሰዓት ከስሙ ጎን ይጻፍ፤ ጥሪው በስልክም በጽሑፍ መልእክትም ይሁን፤ 48 ሰዓት ይሰጥ። ያላነሳም ያልመለሰም በይፋ ይታያል፤ ሐሰት ከሆነ ባለቤቱ ራሱ ይጮሃል። ሌባ የሚፈራው የሚያይ ዓይንን ነው እንጂ መመሪያን አይደለም።

የሐረር ልጅ ከሚኒሶታ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሸዋ በር ልጅ ነኝ። ስለ አሜሪካው ነገር በወሬ ስታወሩ ዝም ማለት አቃተኝ።

እዚህ አንድ ልጅ በአንድ ማእከላዊ አገልግሎት በኩል ለብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአንዴ ያመለክታል። ጎበዙ ከሦስት ከአራት ቦታ «ና» ይባላል፤ የሚቀመጠው ግን አንድ ወንበር ላይ ነው። ስለዚህ የሕክምና ትምህርት ቤቶቹ ማኅበር እስከ ኤፕሪል 30 ድረስ አንዱን ብቻ ይዞ ሌሎቹን እንዲለቅ ይጠይቃል። ወንበሩ በብዛት መንቀሳቀስ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚህ የተለቀቀው አንዱን ከሌላ ትምህርት ቤት ይስባል፣ የእሱ ቦታ ደግሞ ሌላውን፤ እንዲህ እያለ ሜይንና ጁንን ያልፋል፣ አንዳንዱ ክፍል ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው ይጠራል። ለዚህ ነው ተጠባባቂ መባል የሰነፍ ልጅ ምልክት ያልሆነው። ጋሼ፣ ይህን ለልጅህ ንገራት።

ግን እዚህ ተራው ይለጠፋል ብላችሁ እንዳትቀኑ። ተጠባባቂዎቹን በቁጥር የሚደረድር ትምህርት ቤት አለ። ከላይኛው፣ ከመሃሉ ወይም ከታችኛው ሲሶ መሆንህን ብቻ የሚነግርህ አለ። ጭራሽ የማይደረድርና ወንበር ሲለቀቅ ክፍሉ የጎደለውን አይቶ የሚመርጥም አለ። ደብዳቤውም ሁሉም ጋ አይሠራም፤ የሚቀበሉ አሉ፣ «ምንም እንዳትልኩ» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ አትላኩ የተባለበት መላክ ራስን ማስጠላት ነው። «ከጠራችሁኝ በእርግጠኝነት እመጣለሁ» የሚለው ደግሞ ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ የሚላክ ነው። በሕግ አያስርም፣ ለሦስት የላከ ግን ዋሽቷል። ክፍሉ ሞልቶ ትምህርት ሲጀመር ዝርዝሩ ያበቃል። በሚቀጥለው ዓመት እንደ አዲስ ታመለክታለህ፣ ክፍያውንም እንደገና ትከፍላለህ።

የከዚራው አባት፦
እነሱም በመሳቢያ ነው የሚሠሩት በለኛ!

የሐረር ልጅ ከሚኒሶታ፦
ብዙዎቹ አዎ። ግን መሳቢያ መሆኑን ከማመልከትህ በፊት ጽፈው ይነግሩሃል። ቀኑንም ታውቀዋለህ። የልጅህ በደል ሁለተኛ መሆኗ ወይ ሃያኛ መሆኗ ላይ አይደለም፤ ሕይወቷን ለምን ያህል ጊዜ አቁማ እንደምትጠብቅ አለማወቋ ላይ ነው።

መምህር ከአራተኛ፦
እኔ ከሁላችሁም እለያለሁ። ለመጠበቅ ዋጋ ከተሰጠ ምን እንደሚመጣ ጀርመኖች አይተውታል። ለሕክምና ከሚሰጠው ቦታ ከአምስት አንዱ ለረጅም ጊዜ ለጠበቀ ነበር የሚሰጠው። ውጤቱ ያነሰ ልጅ ይጠብቃል፣ ሌላውም ይጠብቃል፣ መጠበቂያው እየረዘመ ሄደና ወደ ሰባት ዓመት ደረሰ፤ ትምህርቱ ራሱ ከዚያ ያጥራል! በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 የአገሪቱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አመዳደቡ በከፊል ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይሄድም አለ፤ ከ2020 ጀምሮ የመጠበቂያው ኮታ ቀረ።

ተራ የሚባለውም ቢሆን ምንድን ነው የሚለካው? ሦስት ነጥብ ሰባ አንድና ሦስት ነጥብ ስልሳ ዘጠኝ ያመጡ ልጆች ልዩነታቸው የአንድ ጠዋት ራስ ምታት ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2014 ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። እንዲህ ባለ ወንፊት ያለፉ ልጆች መካከል አሥራ አራተኛና አሥራ ዘጠነኛ ብሎ መለየት ራስን ማታለል ነው። መስመሩ አጠገብ ያሉት ዕጣ ይጣልላቸው። ኔዘርላንድስ በፈረንጆቹ ከ1972 ጀምሮ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሕክምና ተማሪ በዕጣ ስታስገባ ኖራለች፤ ውጤቱ ከፍ ያለው የተሻለ ዕድል እያገኘ ማለት ነው። በ2017 ተዉት፣ ቆይተው ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ከፈለጉ ወደ ዕጣ እንዲመለሱ ሕግ አወጡላቸው።

አቦ ከለገሃር፦
አቦ ቲቸር፣ ዕጣ? በዚች አገር? ሐምሌ 1 ቀን 2014 አዲስ አበባ ከ25 ሺህ በላይ የኮንዶሚኒየም ዕጣ በቴሌቪዥን ወጣ፤ ሰው እልል ብሎ ሳይጨርስ ሲስተሙ ተነካክቷል ተብሎ ተሰረዘ። በ1997 ተመዝግቦ የጠበቀ ሰው ነው ያንን ያየው። የጋሼን መሳቢያ በኮምፒውተር መሳቢያ ልትቀይርልን ነው እንዴ?

መምህር ከአራተኛ፦
እኔ ስለ ኮምፒውተር አላወራሁም። ሃያ ልጅ ነው፤ ሃያ ወረቀት ጠቅልለህ ወላጆቻቸው ፊት በባርኔጣ ታወጣለህ።

የቀፊራዋ እናት፦
ልጄ ሌሊት ሲያጠና ያደረበትን በባርኔጣ! አይ መምህር።

ኢንተርን ከሐረር፦
ቆይተህ መጣህ እንዳትሉኝ፣ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ሁላችሁም ስለ ወንበሩ ባለቤት እያወራችሁ ነው። ስለ በሽተኛው ማንም አላነሳም።

በመጀመሪያ የጋሼን 48 ሰዓት እንቁጠረው። አንድ ወንበር ተለቀቀ፣ አሥር ሰው በተራ ተጠራ፣ ዘጠኙ ሌላ ቦታ ገብተዋልና እምቢ አሉ። ይህ ብቻ 20 ቀን ነው። ሕክምና ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም፤ አናቶሚ ከተጀመረ በኋላ የገባ ልጅ ሌላው የላይኛውን እጅ ጨርሶ ወደ ደረት ሲሄድ እሱ ገና መጽሐፍ ይፈልጋል። እንዲህ ገብተው ፒሲ ዋን (የሕክምና ትምህርቱ መጀመሪያ ዓመት) ላይ የወደቁ አይቻለሁ። ፍትሐዊ ተራ ብለን ልጁን ለውድቀት ከጠራነው ምኑ ፍትሕ ነው?

ሁለተኛው የባሰ ነው። ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል የሚማር ልጅ ማንን ነው የሚያክመው? ከምሥራቅ ሐረርጌ ወረዳዎች፣ ከሶማሌ ክልል፣ ከድሬ፣ ከጀጎል የሚመጣን ሰው። ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪኛ፣ አማርኛ። በዚህ በምሥራቅ የትኛውም ዋርድ ብትገቡ ከአማርኛ ሌላ አንዱንም የማይችል ተማሪ አልጋው አጠገብ ቆሞ አስታማሚ ሲለምን ታያላችሁ። እናትየዋ የምትናገረውን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ ያስተረጉማል። ስለ ማሕፀን ደም የሚጠየቀውን ጥያቄ ወንድ ልጇ ፊት! አንዳንዴ የበሩ ጥበቃ ይጠራል። የምን ያህል ጊዜ ሕመም እንደሆነ «ከትናንት ጀምሮ» ተብሎ ተጽፎ በማግስቱ ቋንቋውን የምትችል ነርስ ስትጠይቅ «ከሁለት ወር ወዲህ» ይሆናል። ይህ የምርመራውን አቅጣጫ የሚቀይር ነገር ነው፣ ጌጥ አይደለም።

ስለዚህ አሥራ አራተኛዋ ከሩቅ የመጣች አንድ ቋንቋ የምትናገር፣ አሥራ ስድስተኛው የጨለንቆ ልጅ ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚችል፣ ሲጨርስም እዚሁ የመቅረት ዕድል ያለው ከሆነ፣ እኔ ዲን ብሆን አሥራ ስድስተኛውን እጠራለሁ። ይህን ምርጫ ከኮሌጁ አትውሰዱት።

አቦ ከለገሃር፦
ዶክተርዬ፣ በዚህ እንኳ ልቤን ነካኸው። ግን «እዚሁ የመቅረት ዕድል ያለው» ማለት ነገ የዲኑ የአክስት ልጅ ማለት ነው።

የሐረር ልጅ ከሚኒሶታ፦
የዶክተሩን ሐሳብ እዚህም የሚሉት አሉ፤ ከአካባቢው የመጣ አካባቢውን ያገለግላል ነው ነገሩ። ግን ያ ከማመልከቻው ጀምሮ ይታያል እንጂ ወንበር ሲለቀቅ ትዝ የሚል አይሆንም።

የከዚራው አባት፦
እኔም የምለው ይኸንኑ ነው! ዶክተር፣ ስለ አስታማሚው የጻፍከውን ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ የራሷ እናት ከጋራ ሙለታ ወርደው ሲታከሙ እንደዚያው ነበሩ። ቋንቋ ነጥብ ይኑረው፤ ምናልባት ከምናስበውም በላይ። ግን ነጥቡ ፈተናው ከመሰጠቱ በፊት ይጻፍ፣ ልጆቹ በአፍ ይፈተኑ፣ ከዚያ ከውጤቱ ጋር ተደምሮ ተራ ይውጣ። የጨለንቆው ልጅ በዚያ ጊዜ አሥራ ስድስተኛ አይሆንም፣ ዘጠነኛ ይሆናል፤ ማንም አይከፋውም። አንተ ያልከው ግን ወንበሩ ከተለቀቀ በኋላ፣ በር ተዘግቶ፣ ማን ማን እንደሆነ ከታወቀ ወዲያ የሚደረግ ምርጫ ነው። ያኔ ቋንቋም ድህነትም የሴት ልጅ ድጋፍም የፈለጉትን ሰው ማልበሻ ይሆናል። መልካም ምክንያት ዘግይቶ ሲመጣ ማንም አያምነውም።

የ20 ቀኑን ሒሳብ አልሸሽም፣ ትክክል ነው። መፍትሔውን ያገኘሁት ከእህቴ ልጅ ደብዳቤ ነው። ተጠባባቂዎች በሙሉ፣ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት በአንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት ቅጽ ይሙሉ፦ አሁንም እፈልጋለሁ፣ በዚህ ቁጥር እገኛለሁ፣ ከተጠራሁ በ24 ሰዓት እመጣለሁ። ያልሞላ ይሰረዝ። ከሃያው አሥራ ሁለቱ እዚያው ይወጣሉ። የቀረው አጭር ዝርዝር ይለጠፋል፣ አናቶሚ ከተጀመረ ከሳምንት በኋላ ይዘጋል። የአሜሪካን ደብዳቤ ለሁሉም ግዴታ ካደረግነው ለማንም ለብቻው ጥቅም አይሆንም።

ኢንተርን ከሐረር፦
ቅጹን ተቀብያለሁ። ሳምንት ግን በዝቷል፣ ሦስት ቀን በለው። የቋንቋው ነጥብ ስንት እንደሚሆን ላይ ደግሞ ገና እንጣላለን፤ አንተ አምስት ትላለህ፣ እኔ አሥራ አምስት እላለሁ።

መምህር ከአራተኛ፦
እኩል ነጥብ ያመጡ ሲኖሩስ? ባርኔጣዬን አልጥልም።

የቀፊራዋ እናት፦
ይህ ሁሉ ለሚመጣው ዓመት ነው። እኔ ዛሬ ልጄን ምን ልበለው? ሁለተኛ ምርጫውን ትምህርት ቤት መግባት ትቶ ዶርም ተኝቷል።

የሐረር ልጅ ከሚኒሶታ፦
እትዬ፣ ዛሬውኑ ክፍል ይግባ። ተጠባባቂ የሆነ ልጅ ከሁሉ በፊት የያዘውን አይልቀቅ፤ ቀሪ በዝቶበት የያዘውን ካጣ ቢጠራም በምን ውጤቱ ይገባል? ከዚያ ሬጅስትራር ሄዶ በጽሑፍ ይጠይቅ፦ የለቀቁት ስንት ናቸው፣ በማን ተተኩ፣ የተተኩት ነጥብ ስንት ነው። ማመልከቻውን ገቢ አስደርጎ ቀንና ቁጥር ያለበትን ቅጂ ይያዝ። በቃል የተጠየቀ በቃል ይረሳል።

የከዚራው አባት፦
እኔም ሰኞ ለዚያ ኮሌጅ እንዲሁ ልጽፍ ነው፤ የልጄን ነገር ሳይሆን ተራውንና መዝጊያ ቀኑን የሚጠይቅ። ሌሎች ተጠባባቂ ወላጆችም አግኝቻለሁ፣ አብረን እንፈርማለን። እህቴ፣ ያንቺም ልጅ ጉዳይ ቢለያይም ጥያቄው አንድ ነው፤ ማመልከቻውን አብረን እንጻፈው።

የቀፊራዋ እናት፦
እሺ፣ እመጣለሁ። ልጁንም አሁን ደውዬ ከአልጋ አስነሳዋለሁ። ሰው መፈለጌን ግን አላቆምም፣ ከወዲሁ ተናግሬያለሁ።