የሚዞረው ፋይሉ ነው ወይስ ሠራተኛው?

የጠመኔ አቧራ፦ እስኪ ተከራከሩበት። ጎልጂን (ሴል ውስጥ ፕሮቲን ተስተካክሎ የሚላክበትን የክፍሎች ድርድር) ስናስተምር «ፖስታ ቤት ነው፣ ክፍሎቹ ቋሚ ናቸው፣ ፕሮቲኑ በቬሲክል፣ በትንሽ ከረጢት፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል» እንላለን። ትናንት አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ኮላጅንስ በምን ይሻገራል?» ብላ አፌን አስያዘችኝ፤ ኮላጅን እኮ ከቬሲክሉ የሚበልጥ ፕሮቲን ነው። ይህን ትምህርት እንቀይረው ወይስ ይቆይ?

ቡና በወተት፦ ይቆይ እንጂ ጋሼ! ለጀማሪ ያ ይበቃዋል። ደግሞ ሮትማን፣ ሼክማንና ዙድሆፍ በ2013 ኖቤል የተሸለሙት በዚሁ በቬሲክል አይደል?

ማይክሮስኮፕ፦ የተሸለሙት ቬሲክል ጭነቱን በልክ እንዴት እንደሚያደርስ ስላሳዩ ነው፤ የጎልጂ ክፍሎች ቋሚ ናቸው የሚል ሽልማት የለም። ልጅቷ ትክክል ናት። ፕሮኮላጅን፣ ማለትም ገና ያልተጠናቀቀው ኮላጅን፣ 300 ናኖሜትር ገደማ የሚረዝም ዘንግ ነው፤ በጎልጂ ውስጥ የሚመላለሰው ቬሲክል ደግሞ 100 እንኳ አይሞላም። በ1998 የወጣ ጥናት ፕሮኮላጅን ከሲስተርናው (ከጎልጂው ጠፍጣፋ ክፍል) ሳይወጣ ጎልጂን ከዳር እስከ ዳር እንደሚያቋርጥ አሳይቷል። እንዲህ በሉት፦ ፋይሉ ከቢሮ ቢሮ አይዞርም፣ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ጠረጴዛው ይጓዛል። ወደ ኋላ በቬሲክል የሚመላለሱት ሠራተኞቹ፣ ማለትም ፕሮቲኑን የሚያስተካክሉት ኤንዛይሞቹ ናቸው።

ቡና በወተት፦ ሠራተኛ ወደ ፋይል የሚመጣበት ቢሮ የት አለ? 😂 እዚያ ልመዝገብ።

ማይክሮስኮፕ፦ እርሾ ውስጥ! በ2006 ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ ቺካጎ አንዱ ጃፓን፣ የመጀመሪያውን ክፍል ፕሮቲን በአንድ ቀለም፣ የኋለኛውን በሌላ ቀለም አበሩና አንድን ሲስተርና ከነነፍሱ ተከታተሉት። የመጀመሪያው ቀለም የነበረው ራሱ የሁለተኛውን ቀለም ያዘ።

ሴል ወዳጅ፦ ቆይ ቆይ። የዚያ እርሾ ሲስተርና እኮ እንደኛ እንደ እንጀራ አልተደራረበም፣ ተበታትኖ ነው ያለው። በ2008 ደግሞ በአጥቢ እንስሳ ሴል ላይ ሲታይ፣ ጭነቱ ከጎልጂ መውጣት የሚጀምረው ወዲያው ነው። ጠረጴዛው ተጉዞ እስኪደርስ የሚጠበቅ ቢሆን መዘግየት ይታይ ነበር። እኔ ሁለቱም መንገዶች፣ ቬሲክሉም ተጓዡ ጠረጴዛም፣ ሳይኖሩ አይቀሩም ባይ ነኝ።

የጠመኔ አቧራ፦ ኤንዛይሙስ ሁሌ ወደ ኋላ እየተመለሰ ከሆነ «የጎልጂ ፕሮቲን» የምንለው ምን ይዞት ነው?

ማይክሮስኮፕ፦ ዋናው ጥያቄ መጣ። አብዛኞቹ ስኳር የሚለጥፉት ኤንዛይሞች ሽፋኑን አንድ ጊዜ ብቻ ሰንጥቀው ይቆማሉ፣ አጭር ጅራታቸው ወደ ሳይቶፕላዝም ትወጣለች። የብዙዎቹን ጅራት ጎልፍ3 የሚባል ፕሮቲን ይይዝና ወደ ኋላ በሚሄደው ቬሲክል ያሳፍራቸዋል። ጎልፍ3 ራሱ የሚለጠፈው በጎልጂ ሽፋን ላይ የሚበዛ ፒአይ4ፒ የሚባል ስብ ይዞ ነው። ጋሼ፣ ኤንዛይሙ እዚያ የሚገኘው ተቸንክሮ ሳይሆን በየጊዜው እየተመለሰ ነው።

ቡና በወተት፦ እሺ ተረታሁ፣ በግማሽ። ፈተና ላይስ?

የጠመኔ አቧራ፦ ነገ ሁለቱንም ሥዕል ሰሌዳ ላይ እስላለሁ። ፈተና ላይ «ፖስታ ቤት» የምትለዋን ምርጫ አወጣለሁ፤ ለኮላጅኗ ልጅ ደግሞ ማርክ እጨምርላታለሁ።