ኮሞዶር 64 ሚኒ ለልጅ ይገዛል?

የናቲ አባት (ፍራንክፈርት)፦
እንዴት ናችሁ ወገኖች። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ «ዘሲ64 ሚኒ» የሚባለውን አየሁ። የድሮው የቤት ኮምፒውተር፣ ኮሞዶር 64፣ በግማሽ ያህል አንሶ በ2018 እ.ኤ.አ. እንደገና የወጣው ማለቴ ነው። ካርቶኑ ደህና ነው፤ ጆይስቲክና ኤችዲኤምአይ ገመድ አለው፤ ቻርጀር ግን የለም። 45 ዩሮ ብለው 40 ላይ ደርሰናል። ልጄ አሥር ዓመቱ ነው፣ ታብሌት ላይ ተደፍቶ ነው የሚውለው። በዚህ ፕሮግራም መጻፍ ቢጀምርልኝ፣ ጌምም ቢጫወትበት ብዬ ነው። ዋጋውን ያወጣል ወይስ አቧራ ጠጥቶ ይቀራል?

ጠጋኙ (አዲስ አበባ)፦
ወንድሜ፣ ብሩን ሳትቆጥር አንድ ነገር እወቅ፤ የሚኒው ኪቦርድ የለይምሰል ነው። ቁልፎቹ ከላስቲኩ ሽፋን ጋር አብረው የተቀረጹ ስለሆኑ ብትጫናቸው ንቅንቅ አይሉም። ቤዚክ፣ ማለት የኮሞዶርን የፕሮግራም ቋንቋ፣ ልጻፍ ስትል ስክሪኑ ላይ ኪቦርድ ይመጣልሃል፤ በጆይስቲክ እየተንቀሳቀስክ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ትለቅማለህ። «10 ፕሪንት "ናቲ"»፣ ከሥሩ «20 ጎቱ 10» ብሎ ስሙን ስክሪኑ ላይ ለማውረድ እንኳ ልጁ ጥቅሱን ሳይዘጋ ይሰለቸዋል። የዩኤስቢ ኪቦርድ ከሰካህለት ይቀበላል። መሰኪያው ግን ሁለት ብቻ ነው፣ ሁለት ጆይስቲክና ኪቦርድ አንድ ላይ ካማረህ መሰኪያ የሚያበዛ ሃብ መግዛትህ ነው።

ቻርጀሩ አያሳስብህ፣ አዲሱም ያለ ቻርጀር ነው የሚሸጠው። 5 ቮልት 1 አምፔር የሚሰጥ የስልክ ቻርጀርና ማይክሮ ዩኤስቢ ገመድ ካለህ ይበቃል። ከቲቪው ዩኤስቢ ባትስብ ይሻላል፤ ግማሽ አምፔር ብቻ የሚሰጥ ቲቪ ብዙ ነው። በፓወር ባንክም ይነሳል፤ እኛ ጋ መብራት ሲሄድ ቲቪውን በምን እንደምናስነሳው ነው እንጂ!

የቨርጂኒያዋ፦
እኔ ግን ግዛ ባይ ነኝ። ቤታችን አለ፣ ልጆቹ አልጠገቡትም። ውስጡ 64 ጌም ተጭኖበታል፤ ኢምፖሲብል ሚሽን፣ ፓራድሮይድ፣ ዩሪዲየም፣ ካሊፎርኒያ ጌምስ። በተለይ የመጨረሻው ላይ ተራ እየጠበቁ ይፎካከራሉ፣ ጠቡም የዚያኑ ያህል ነው። ማስታወቂያ የለ፣ በመሃል «ይህን ክፈት፣ ያን ግዛ» የሚል የለ። እራት ስትጠራቸው ለእያንዳንዱ ጌም አራት ማስቀመጫ ቦታ ስላለው ያቆሙበትን ይዘው ይመጣሉ። ጆይስቲኩን ግን አላመሰግንም፤ ወደ ጎን ስትለው ወደ ላይ የሚሄድበት ጊዜ አለ። የልጁ ፕሮግራም ከሆነ ዋናው ጉዳይህ ጠጋኙን ስማ፤ ለጌም ከሆነ 40 ዩሮ አይቆጭህም።

የድሮ ተጠቃሚ (ስቶክሆልም)፦
ልጄ፣ የዋናው ጥቅም ምን እንደነበር ልንገርህ። በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው ኮሞዶር ማብሪያውን ስትጫን ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፣ «38911 ባይት ለቤዚክ ነጻ ነው» ይልሃል፣ ከሥሩ «ሬዲ» ብሎ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል። በቃ፣ የምትጽፈውን ነው የሚጠብቀው። ሚኒው ሲነሳ የሚያሳይህ የጌም ሥዕሎች ነው፤ ቤዚክን ከእነሱ መሃል ፈልገህ ነው የምትገባው። ልጅ ደግሞ ከጌሞቹ ሥዕል አልፎ ቤዚክ ጋ አይደርስም።

በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ ሙሉ መጠኑ ዘሲ64 ግን ኪቦርዱ የእውነት ይሠራል፤ ሲነሳም በቀጥታ ቤዚክ እንዲከፍት ማድረግ ይቻላል። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ላሰብከው ነገር እሱ ነው። የ80ዎቹን ዋናውን ርካሽ አገኘሁ ብለህ ግን እንዳትቸኩል፤ የመብራት አዳፕተሩ ሲያረጅ ከ5 ቮልት በላይ እየለቀቀ የሚሞሪ ቺፖቹን ያቃጥላል። ዛሬ ሠርቶ ነገ ሊጠፋ ይችላል።

ለሙከራ ከሆነ ደግሞ ቫይስ የሚባለውን ኢሙሌተር፣ ኮሞዶርን የሚያስመስል ፕሮግራም ነው፣ ላፕቶፕ ላይ ጫንለት፣ በነጻ ነው።

የናቲ አባት፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ ቫይስን ጫንኩለት። ጠጋኙ የጻፋትን ሁለት መስመር ሲያስገባ ስሙ እየተደረደረ ሲወርድ «እንዴት ነው የሚቆመው?» አለኝ፤ እኔም አላወቅሁም።

ጠጋኙ፦
ስቶፕ የምትለዋ ቁልፍ ነች፤ ቫይስ ላይ ኢስኬፕን ይሞክር። ቀጥሎ ስሙን በየጊዜው በሌላ ቀለም እንዲጽፍ አድርገው፤ ኮሞዶር 16 ቀለም አለው።

የናቲ አባት፦
ሠራ! እንግዲህ ሚኒውን ትቼዋለሁ። ባለ ሙሉ መጠኑን ያገለገለ ካገኘሁ እሱን ልግዛ። ሳይ ምን ልፈትሽ?

የድሮ ተጠቃሚ፦
ሻጩ ፊት ቲቪ ላይ ሰክተህ ቤዚክ ውስጥ ግባና ከረድፍ ረድፍ ሁሉንም ቁልፍ ተጫን፤ አንዱ ሁለቴ ከጻፈ ወይም ዝም ካለ ዋጋ ቀንስ በለው። ጆይስቲኩ አብሮ መኖሩን እይ፤ የዚህኛው ማይክሮስዊች የሚባሉ ትንንሽ ማብሪያዎች ስላሉት ቀጭ ሲል ይሰማሃል። «አዳፕተሩ ጠፍቷል፣ እቤት ሄደህ ሞክረው» ካለህ ግን ተወው።